ልቀቱ የሚቆጠረው በሰው ነው ወይስ በጉልቻ? የሕዝብ ዕድገት፣ ከተሜነትና የጎንደር ማጀት

በአማርኛ ትዳር ያዘ ለማለት «ሦስት ጉልቻ መሠረተ» እንላለን። አባባሉ የቆየ ነው፤ የሕዝብ ዕድገትና ከተሜነት በአንድ አገር የካርበን ልቀት ላይ የሚያመጡትን ለውጥ ለመረዳት ግን ከዚህ የተሻለ መነሻ አይገኝም። ሕፃን ሲወለድ በቤቱ አዲስ ምድጃ አይተከልም፤ ያው ድስት ትንሽ ሰፋ ይላል። ያ ልጅ አድጎ ጎጆ ሲወጣ ነው ሌላ ምድጃ፣ ሌላ አምፖል፣ ሌላ ጣሪያ የሚጨመረው። ስለ ልቀት የሚያስብ ሰው «ስንት ሆንን?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ «ስንት ጉልቻ ሆንን? ሥሩ የሚነደውስ ምንድን ነው?» ማለት አለበት። ጎንደርን በመሰለ በፍጥነት በሚሰፋ ከተማ ዋናው ነገር ያለው ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው።

በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ የጎንደር ከተማ ነዋሪ 112 ሺህ ያህል ነበር። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 207 ሺህ ሆነ። በ13 ዓመት ባልሞላ ጊዜ እጥፍ ለመሆን ጥቂት ነው የቀረው፤ በዓመት ሲሰላ 5 በመቶ ይጠጋል። በዚያው ዘመን አገሪቱ ከ53.5 ሚሊዮን ወደ 73.8 ሚሊዮን ያደገችው በዓመት 2.6 በመቶ ገደማ ነው። ልዩነቱን በአብዛኛው የሞላው ከገጠር የገባው ሰው ነው፤ ሥራ ፈላጊው፣ ተማሪው፣ ለልጆቹ ትምህርት ሲል ቤት የተከራየው ገበሬ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከቀዬው የተፈናቀለው ተጨምሯል። ከ1999 ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም፤ የከተማው መስፋት ግን ከማራኪ ተነስቶ እስከ አዘዞ ለሚጓዝ ሁሉ በግልጽ ይታያል።

ጃፓናዊው የኢነርጂ ምሁር ዮይቺ ካያ ያቀረቡት ቀመር በዘርፉ ሁሉም የሚጠቀምበት ነው። የአንድ አገር ልቀት አራት ነገሮች ተባዝተው የሚሰጡት ውጤት ነው፦ የሕዝቡ ብዛት፣ የነፍስ ወከፍ ገቢው፣ ያንን ገቢ ለማግኘት የሚጠፋው ኃይል፣ ኃይሉ የሚሸከመው ካርበን። ሌሎቹ ባሉበት ቢቆዩ ሕዝቡ እጥፍ ሲሆን ልቀቱም እጥፍ ይሆናል። ባሉበት ግን አይቆዩም። ከተሜነት በቀመሩ ውስጥ ስሙ የለም፤ ሥራውን የሚሠራው አራቱንም እየነካካ ነው።

መጀመሪያ የሚነካው ወሊድን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት የገጠር ሴት በዕድሜዋ በአማካይ 5.2 ልጆች ስትወልድ የከተማዋ የምትወልደው 2.3 ነው። የአማራ ክልል አማካይ 3.7 ነበር። ከደምቢያ ወይም ከወገራ ጎንደር ገብታ የቀረች ወጣት፣ እዚያው ብትቆይ ኖሮ ከምትወልደው ያነሰ ልትወልድ ትችላለች ማለት ነው። ስለዚህ ከተማ የሕዝብን ዕድገት ያባብሳል የሚለው ስጋት መሠረት የለውም፤ በረጅሙ ሲታይ ያቀዘቅዘዋል።

ጉልቻው ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። በዚያው ጥናት የገጠር ቤተሰብ በአማካይ 4.9፣ የከተማ ቤተሰብ 3.5 ሰው ነው። 100 ሺህ ሰው በገጠር አኗኗር ቢኖር 20,400 ያህል ምድጃ ያነዳል፤ ያው 100 ሺህ ሰው በከተማ አኗኗር ቢኖር 28,600 ያህል። አንድም ሰው ሳይወለድ ምድጃው በ40 በመቶ ጨመረ። ለሦስት ሰው የሚሠራ ሽሮና ለስድስት ሰው የሚሠራ ሽሮ የሚፈጁት ከሰል ብዙም አይራራቅም፤ ምድጃው እስኪግል፣ ውኃው እስኪፈላ፣ ሽንኩርቱ እስኪቁላላ የሚነደው ያው ነው። በዚህ ላይ ከሕዝባችን ከአሥሩ አራት ያህሉ ገና 15 ዓመት ያልሞላቸው ናቸው። ዛሬ ወሊድ በአንድ ጊዜ ቢቀንስ እንኳ እነዚህ ልጆች በሚቀጥሉት 20 ዓመታት ጎጆ መውጣታቸው አይቀርም።

እ.ኤ.አ. በ2010 ብራያን ኦኒልና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ዓለም አቀፍ ጥናት ይህን በስሌት አሳይቷል። የሕዝብ ማርጀት በአንዳንድ አገሮች ልቀትን እስከ 20 በመቶ ሊቀንስ ይችላል፤ ከተሜነት ደግሞ በተለይ በታዳጊ አገሮች ከ25 በመቶ በላይ ሊጨምር ይችላል። ለጭማሪው የሰጡት ምክንያት በዋነኛነት የከተማ ሠራተኛ የበለጠ ማምረቱና ኢኮኖሚውን ማሳደጉ ነው። ለቻይና ወይም ለህንድ ይህ ማብራሪያ በቂ ሊሆን ይችላል። ለእኛ ግን ገቢ ከማደጉ በፊት የሚመጣ ሌላ ለውጥ አለ፤ እሱም የማገዶው ለውጥ ነው።

ጭሱ የሚመዘገብበት ደብተር

ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅ ዘይትና ከሲሚንቶ የሚወጣው የኢትዮጵያ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በነፍስ ወከፍ በዓመት 0.15 ቶን አካባቢ ነው። የዓለም አማካይ 4.7 ቶን ገደማ፣ የአሜሪካ 15 ቶን ገደማ ነው። የዓለምን አየር ያሞቀው የጎንደር ማጀት አይደለም፤ ከዚህ በኋላ የሚነበበው ሁሉ ይህን ሳይዘነጉ ቢነበብ ፍትሐዊ ነው።

ሆኖም 0.15 የሚለው ቁጥር እንጨትን አያካትትም። በዓለም አቀፉ የልቀት አመዘጋገብ ሕግ ከእንጨትና ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በኢነርጂ ዘርፍ አይደመርም፤ ዛፉ በተቆረጠበት ጊዜ በመሬትና በደን ዘርፍ ይመዘገባል። የከተማው ጭስ በጫካው ደብተር ላይ ይጻፋል ማለት ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው የአረንጓዴ ልማት ስትራቴጂ የ2010 ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን ያህል ሆኖ፣ ከ85 በመቶ በላዩ የእርሻና የደን ሲሆን የትራንስፖርትና የሕንፃ ድርሻ እያንዳንዳቸው 3 በመቶ ገደማ ነበር። ይህን ያየ ሰው «ታዲያ ከተማው ምን አደረገ?» ይላል። በደን ስም ከተመዘገበው ውስጥ የከተማ ማጀት ያቃጠለው እንዳለበት አይታየውም።

አሁን ወደ ማጀት እንግባ። ገበሬው ቤት የሚነደው እንጨት፣ ጭራሮና ኩበት ነው። ያው ቤተሰብ ጎንደር ገብቶ አንድ ክፍል ሲከራይ እንጨት ማንደድ ይቸግረዋል፤ ጭሱ አከራይ ያስቆጣል፣ ማስቀመጫ የለም፣ ከሩቅ ተሸክሞ የሚያመጣም የለም። ስለዚህ ወደ ከሰል ይዞራል። በመተማ መንገድ ከቆላው የሚመጣው በማዳበሪያ ከረጢት የታጨቀ ከሰል ቅዳሜ ገበያ ይራገፋል፣ ከዚያ በጣሳ እየተሰፈረ እስከ ሰፈር ጉሊት ይደርሳል። ለተከራይዋ እናት ንጹሕ፣ የማይጨስና በጥቂት ብር የሚገዛ ነው። ምርጫዋ ተገቢ ነው፤ ከጀርባው ያለው ሒሳብ ግን ከባድ ነው።

በባህላዊው መንገድ፣ እንጨት ተከምሮ በሣርና በአፈር ተሸፍኖ ሲከስል፣ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት 7 ኪሎ ያህል እንጨት ይጠፋል። 7 ኪሎ እንጨት 108 ሜጋ ጁል (ሜጋ ጁል የኃይል መለኪያ ነው) ያህል ሙቀት አለው። ይህን በቀጥታ ጉልቻ ሥር ብናነደው ድስቱ የሚያገኘው 13 በመቶውን ያህል ነው እንበል፤ 14 ሜጋ ጁል። ከሰል ብናደርገው አንዱ ኪሎ ከሰል 29 ሜጋ ጁል ይይዛል፤ ጥሩ የከሰል ምድጃ ሩቡን ለድስቱ ያደርሳል፤ 7 ሜጋ ጁል። ለአንድ ዓይነት ወጥ የከተማዋ ማጀት የገጠሩን እጥፍ ዛፍ ይበላል። የከተማዋ ምድጃ ከጉልቻ የተሻለ ሆኖ ሳለ ነው ይህ የሚሆነው፤ ብክነቱ ያለው ቆላ ውስጥ፣ ማንም በማያየው የከሰል ክምር ላይ ነው።

ክምሩ ላይ የሚበላሸው ምን እንደሆነ ይታወቃል። እንጨቱ ሳይደርቅ ከተከመረ ውኃውን ለማትነን ብቻ ብዙ እንጨት ይነዳል። አፈሩ ሲሰነጠቅና ፈጥኖ ሳይደፈን ሲቀር አየር ይገባና ከሰል ሊሆን የነበረው አመድ ይሆናል። ወፍራምና ቀጭን እንጨት ከተደባለቀ ቀጭኑ ያልቃል፣ ወፍራሙ መሐሉ ጥሬ ይቀራል። አየር ባጠረው ክምር ውስጥ የሚወጣው ጋዝ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ አይደለም፤ ሚቴንም አለበት፤ ሚቴን በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 27 እጥፍ በላይ ያሞቃል። ካዛማንስ የሚባለው የሴኔጋል ስልት ከክምሩ ጎን የጭስ ቱቦ በማቆም አየሩን ስለሚቆጣጠር ከ4 ኪሎ በማይበልጥ እንጨት አንድ ኪሎ ከሰል ሊያወጣ ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ጥቂት በርሜልና በደንብ የደረቀ እንጨት ነው።

ከሰል ሁሉ አንድ እንዳልሆነም መነገር አለበት። በአዊ ፋግታ ለኮማ ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን ግራር በገዛ ማሳው ይተክላል፣ በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መሐል ጤፍ ይዘራል፣ በ4 እና በ5 ዓመት ቆርጦ ያከስላል፣ መልሶ ይተክላል። በዚህ ዑደት የሚወጣው ካርበን በአብዛኛው በሚቀጥለው ተክል ይመለሳል። በመተማና በቋራ ከተፈጥሮ ግራርና ከዕጣን ዛፍ መሐል ተቆርጦ ያልተተካው ከሰል ግን ዕዳው ተከፍሎ አያልቅም። ገበያ ላይ ሁለቱ ከረጢቶች አይለዩም። ከየት እንደመጣ የሚለይበት መንገድ እስኪኖር ድረስ የከተማው ፍላጎት ሁለቱንም እኩል ይጎትታል።

ከከሰልና ከእንጨት ወደ ኤሌክትሪክ እስኪዞር ላለው የመሐል ዘመን የሚሆኑ መሣሪያዎች አሉ። ላቀች ምድጃ ከተለመደው የቆርቆሮ ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። ምርጥ ምድጃ በእንጀራ ጋገራ ላይ ከጉልቻ ግማሽ ያህል እንጨት ይቆጥባል፤ 30 እንጀራ በጉልቻ ለመጋገር 10 ኪሎ ያህል እንጨት የሚነድ ከሆነ በምርጥ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ይበቃል። ምርጥ የሚያስፈልገው ግን ቋሚ ቦታ ነው። በየዓመቱ ቤት የሚቀይር ተከራይ ከሲሚንቶ የተሠራ ከባድ ምድጃ ተሸክሞ አይዞርም፤ ብዙ የምድጃ ፕሮጀክት ከተማ ላይ የሚሰናከለው እዚህ ነው።

ምጣዱና ሽቦው

መውጫው ኤሌክትሪክ ነው። የኢትዮጵያ መብራት ከሞላ ጎደል ከውኃ የሚገኝ ነው፤ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ማመንጨት ይችላሉ። ስለዚህ አንድ የጎንደር ቤት ከከሰል ወደ ኤሌክትሪክ ሲዞር ልቀቱ ወደ ዜሮ የቀረበ ይሆናል። በድንጋይ ከሰል መብራት የሚያመነጭ አገር ይህን ዕድል አላገኘም። እኛ አግኝተነዋል፤ ካልተጠቀምንበት የሚያስቆጨው ለዚህ ነው።

የሚያግደው ምንድን ነው? አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.7 ኪሎ ዋት ያህል ይስባል። በ220 ቮልት 17 አምፔር ማለት ነው። ቤቱ የተዘረጋው ለአምፖልና ለቴሌቪዥን በሚበቃ ቀጭን ሽቦ ከሆነ ሽቦው ይግላል፤ የተለመደው 16 አምፔር ሶኬት ደግሞ ቀስ በቀስ ይጠቁርና ይቀልጣል። ትክክለኛው አሠራር ከዋናው ሰሌዳ እስከ ማጀት የብቻው መስመር በ4 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ መዘርጋት፣ 20 ወይም 25 አምፔር ብሬከር መግጠም፣ የመሬት ሽቦውን ማገናኘት ነው። ግድግዳው ሳይለሰን ከተሠራ ወጪው ትንሽ ነው፤ ከተለሰነ በኋላ ግን ግድግዳ መፈልፈል ይጠይቃል፤ አከራይም ለተከራይ ሲል አያደርገውም።

ሁለተኛው እንቅፋት ቮልቴጅ ነው። ምጣድ የሚሠራው በሽቦ ግለት ስለሆነ ኃይሉ ከቮልቴጁ በፈጠነ መጠን ይወርዳል። ከትራንስፎርመር ራቅ ያለ ቤት 180 ቮልት ብቻ ሲደርሰው ምጣዱ ከኃይሉ ሲሶ ያህሉን ያጣል። እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ከሥር ይጣበቃል፣ አንዱን ለማውጣት አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ሊጡ ቦክቶ አይጠብቅም። ሁለት ጊዜ እንዲህ የገጠማት እናት ምጣዱን ጠቅልላ አልጋ ሥር ታስቀምጥና እንጨት ትገዛለች። በመንግሥት ሪፖርት ቤቷ «መብራት ያገኘ» ተብሎ ተቆጥሯል፤ ማገዶው ግን አልተለወጠም።

ሦስተኛው የጋራ ቆጣሪ ነው። የፍጆታው መጠን በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ስለሚጨምር፣ አራት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም እያንዳንዱ ትንሽ ተጠቅሞ የትልቅ ተጠቃሚ ዋጋ ይከፍላል። አከራዩም ቀላሉን መንገድ ይመርጣል፦ «ምጣድ አይቻልም»። ለጎንደር ተከራይ ከታሪፍ ቅናሽ ይልቅ የየራሱ ንዑስ ቆጣሪ የበለጠ ይጠቅመዋል ብለን እናምናለን።

ከማጀት ውጭ

ከተማ ሲሰፋ የሚያድገው ሌላው ነገር ኮንክሪት ነው። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ ተቃጥሎ ነው፤ ከ100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ 44 ኪሎው፣ ነዳጁን ሳንቆጥር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይበናል። በአንድ ኪሎ ኦፒሲ (መደበኛው ሲሚንቶ) 0.8 ኪሎ ልቀት ብንይዝ፣ 150 ካሬ ሜትር ስፋትና 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ሶሌታ 22.5 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይፈልጋል፤ በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ሲገባ 8.1 ቶን ሲሚንቶ፣ 6.5 ቶን ልቀት። የ43 ሰው የዓመት ነፍስ ወከፍ ልቀት በአንድ ቀን ሙሌት ወጣ ማለት ነው፤ ፌሮው ገና አልተቆጠረም። ለግንብና ለልስን ኦፒሲ አያስፈልግም፤ ከክሊንከሩ፣ ማለትም ድንጋዩ ተቃጥሎ ከሚገኘው የሲሚንቶ ዋና ክፍል፣ ሩብ ያህሉ በእሳተ ገሞራ ዐለት ዱቄት የተተካበት ፒፒሲ የተባለው ሲሚንቶ ይበቃል። ጎንደር ላይ የሚደጋገመው ስህተት ግን የውኃ ነው። ኮንክሪቱ በቀላሉ እንዲፈስ ውኃ ይበዛበታል፣ ጥንካሬው ይወርዳል፣ ያንን ለማካካስ ሲሚንቶ ይጨመራል። ከተሞላ በኋላ ደግሞ የከተማው የውኃ እጥረት ስላለ 7 ቀን መጠጣት የሚገባውን ሳይጠጣ ይደርቃል። ጠዋት ጠዋት እርጥብ ጆንያ ማልበስና በላስቲክ መሸፈን ውኃውን ያቆየዋል፣ ሲሚንቶም ያድናል።

ትራንስፖርት ላይ ዋናው ጉዳይ የከተማው ቅርጽ ነው። አትላንታና ባርሴሎና እ.ኤ.አ. በ1990 ተቀራራቢ ሕዝብ ነበራቸው፤ 2.5 እና 2.8 ሚሊዮን። የተገነባው የአትላንታ መሬት 4,280 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ የባርሴሎና 162 ነበር። አንደኛው ከተማ ያለ መኪና አያስኖርም፤ ሁለተኛው በእግርና በባቡር ያስኖራል። ጎንደር በዚህ ረገድ ተራራው የሰጣት ጸጋ አላት፤ ከፒያሳ እስከ አዘዞ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በአንድ መንገድ ተሰካክታለች፤ በአንድ መስመር የተዘረጋ ከተማ ደግሞ ለአውቶቡስ ይመቻል። በ100 ኪሎ ሜትር 3.5 ሊትር ቤንዚን የሚፈጅ ባጃጅ ሦስት ሰው ሲጭን አንዱን ሰው አንድ ኪሎ ሜትር ለማድረስ 27 ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። 11 ሊትር ናፍጣ የሚፈጅ ሚኒባስ 12 ሰው ሲጭን 25 ግራም፣ አንድ ሰው ብቻውን የሚነዳው 10 ሊትር የሚፈጅ አውቶሞቢል 230 ግራም። ባጃጅና ሚኒባስ ከሞላ ጎደል እኩል ናቸው፤ ሁለቱም ግን ባዶ ሲመለሱ ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል፤ ባጃጁም ወደ ባትሪ ቢዞር ሌሊት፣ ምጣድ በማይጣድበት ሰዓት፣ ሊሞላ ይችላል።

ይህ ሁሉ ተመልሶ የሚያርፈው አዲስ ሰፈር ሲመሠረት ባለው ቅደም ተከተል ላይ ነው። የተለመደው እንዲህ ነው፦ ቦታ ይመራል፣ ቤት ይቆማል፣ ተከራይ ይገባል፣ መብራት ዓመታት ቆይቶ ይመጣል፤ ሲመጣም ለአምፖል ታስቦ ነው። በእነዚያ ዓመታት ቤቱ ከከሰል ጋር ይላመዳል፣ ማጀቱም ለከሰል ተብሎ ይሠራል። ቅደም ተከተሉን ለመገልበጥ የሚያስፈልገው ሒሳብ ቀላል ነው። 300 ቦታ ያለው ሰፈር እንውሰድ፤ በየቦታው ባለቤቱና አንድ ተከራይ ቢኖሩ 600 ጉልቻ ነው። በበዓል ዋዜማ ከአምስቱ አንዱ በአንድ ሰዓት ምጣድ ቢጥድ 120 ምጣድ፣ 444 ኪሎ ዋት። ለሌላው ፍጆታ በየጉልቻው 0.2 ኪሎ ዋት ሲጨመር 564 ይደርሳል። ለእንዲህ ዓይነት ሰፈር 200 ኪሎ ቮልት አምፔር (ለምጣድ ከኪሎ ዋት ጋር የሚቀራረብ የትራንስፎርመር አቅም መለኪያ) የሆኑ ሁለት ትራንስፎርመሮች ቢተከሉ በመጀመሪያው ፋሲካ ሊቃጠሉ ይችላሉ፤ 315 የሆኑ ሁለት ቢተከሉ ይችላሉ፤ አንዱ በሰፈሩ ላይኛው ጫፍ፣ ሌላው በታችኛው፣ ከመስመሩ መጨረሻ ያለው ቤትም 220 እንዲያገኝ።